ላ ሪቤራ ቀጭን ፊደል የለበሰች ሰሞን

ሉክሬሲያ ቴቼራ ሞንቴቪዴዮ ተምራ ወደ ወንዝ ዳሯ ሳልቶ ስትመለስ የከተማችን ጋዜጣ ላ ሪቤራ አርጅታ ነበር። ወፍራም ጥቁር ርዕስ፣ በመስመር የታጠረ ጠባብ ዓምድ፣ ከኳስ ውጤት ጎን የሟች ስም፣ ከሟች ስም ሥር የከብት ጨረታ። ሁሉም ነገር እንደ ዕቃ ቤት ላይ በላይ ተቆልሎ ነበር የሚወጣው። ይሁን እንጂ የት ጋ ምን እንዳለ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

የጋዜጣዋ ባለቤት ጎንሳሎ አሪቢሻጋ ከአባቱ ሲወርሳት ኮምፒውተር አስገባና ሉክሬሲያን የገጽ ቅንብር ኃላፊ አደረጋት። «የትልቅ ከተማ ጋዜጣ አስመስይልኝ» አላት። አስመሰለችለት። ፊደሉ ቀጠነ፣ አነሰ። ጥቁሩ ቀለም ወደ ግራጫ ሄደ። ዓምዶቹን የሚለዩት መስመሮች ወጡና በምትካቸው ሰፋፊ ነጭ ቦታ ገባ። ርዕሱ ፎቶው ላይ ወጣ። ካርታና ሠንጠረዡ ደግሞ በግራጫ መደብ ላይ በነጭ ቀጭን ፊደል ይጻፍ ጀመር። በኮምፒውተሯ መስኮት ላይ ስታዩት እንደ ታጠበ ብርጭቆ ያበራል።

አዲሷ ላ ሪቤራ በወጣች ሳምንት የዝግጅት ክፍሉ ስልክ አላርፍ አለ። የሚደውሉት በአብዛኛው ሽማግሎችና ባልቴቶች ነበሩ። ሉክሬሲያ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ወገቧን ጎበጥ አድርጋ፣ ድምፅዋን አንቀጥቅጣ፣ «ልጄ፣ ቀለም አልቆባችሁ ነው እንዴ?» እያለች ታስመስላቸዋለች። ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። ከደወሉት ለአንዷ ደግሞ በቀጥታ፣ «ሴኞራ፣ ጋዜጣው ምንም አልሆነም፤ መነጽር ይግዙ» ብላቸዋለች። ጥቂት ወራት ቆይቶ ከቦነስ አይረስ ለገጽ ቅንብር የሚሰጥ ሽልማት መጣላት። ከዚያ በኋላ ማን ይቻላት!

እኛ የባቡር ጡረተኞች ደግሞ ጋዜጣውን የምናነበው በጆሯችን ነበር። ጠዋት ጠዋት ክለባችን ተሰብስበን፣ ማቴ የምንለውን የቅጠል ሻያችንን ከአንዱ እጅ ወደ አንዱ እያሳለፍን፣ ዊልማር ኦሊቬራ ሲያነብልን እንሰማለን። ዊልማር ዕድሜውን ሙሉ በባቡር ጣቢያው ድምፅ ማጉያ የባቡሮችን መነሻና መድረሻ ሲጠራ የኖረ ሰው ነው። የከብት ጨረታ እንኳ እሱ ሲያነበው ይሰማል። የሉክሬሲያ የክርስትና አባት ነው፤ አባቷ በልጅነቷ ስለሞተ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ በዚያችው በላ ሪቤራ ርዕሶች ፊደል ያስቆጠራት እሱ ነው።

ሽልማቱ የመጣ ሰሞን ሉክሬሲያ ክለባችን መጣች። «አባባ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። አዲሱን እንዴት አገኙት?» አለችው።

ዊልማር ጋዜጣውን በክንዱ ርቀት ያዘውና፣ «ያምራል ልጄ። በጣም ያምራል» አላት።

የክለቡን ምግብ ቤት የምትይዘው ኒቢያ ከባንኮኒው ኋላ ሆና፣ «ለማየት ነው ወይስ ለማንበብ?» አለች።

«አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ማንበብ የጀመርሽው?» አላት ዊልማር። ሁላችንም ሳቅን። ሉክሬሲያም ሳቀች፤ ጉንጩን ሳመችውና ሄደች። እሱ ያምራል ካላት ሌላው ሰው ያለው ሁሉ የቅናትና የእርጅና ወሬ ነበር ለሷ።

እሷ ከሄደች በኋላ ግን ኒቢያ ዊልማርን ስታጤነው ከረመች። ወንበሩን ወደ መስኮቱ አስጠግቷል። ርዕሱን በሙሉ ድምፅ ያነብና ታች ሲደርስ ይስላል፤ ውኃ ይጠይቃል፤ ከዚያ «ሌላው ያው የተለመደው ነው» ብሎ ገጹን ይገልጣል። የኮቱ ኪስ ውስጥ አጉሊ መነጽር አለ፤ እኛ ፊት ግን አያወጣውም። ኒቢያ አንድ ቀን ለብቻው አግኝታ፣ «ለልጅቷ ንገራት እንጂ ዊልማር» ብትለው፣ «ስንት ዓመት ተምራ የሠራችውን እኔ ላፍርስባት?» ብሎ ተቆጣት።

በዚያው ዓመት ከብራዚል በኩል ዝናቡ አላባራ አለና ወንዙ መሙላት ጀመረ። ሳልቶ ውስጥ ወንዝ ሲሞላ ሰው የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ነገ ስንት ሜትር ይደርሳል? ዝቅተኛው ሰፈር የሚኖር ሁሉ የበሩን ደፍ ከፍታ በወንዙ መለኪያ እንደ ልደቱ ቀን ያውቀዋል። ከኛው መሀል ኤልቢዮ ፋጉንዴስ እዚያ ሰፈር ብቻውን ይኖር ነበር። አኮርዲዮን ጠጋኝ ነው። ከሳልቶ አልፎ ከወንዙ ማዶ፣ ከአርጀንቲና ሳይቀር፣ የተበሳሳ፣ ድምፁ የተዘጋ አኮርዲዮን ይመጣለታል። ቤቱ ከደፉ ሁለት ደረጃ ወደ ውስጥ ይወርዳል፤ ውኃ ደፉን ካለፈ እንደ ጉድጓድ ነው የሚሞላው። የደፉ ከፍታ በዚያው መለኪያ አሥራ ሦስት ሜትር ከሃምሳ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ላ ሪቤራ የጎርፉን ካርታ በገጽ ሙሉ አወጣች። ወንዙ በጥቁር ግራጫ፣ መንገዶቹ በነጭ፣ የነገው ከፍታ ደግሞ ወንዙ መሀል በነጭ ቀጭን ቁጥር።

«ስንት ይላል?» አለ ኤልቢዮ።

ዊልማር ጋዜጣውን ወደ መስኮቱ አዞረው፣ አቀረበው፣ አራቀው። «አሥራ ሦስት ከሠላሳ» አለ በዚያ በጣቢያ ድምፁ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ላንተ ብዬ ልጨምርበት እንዴ? ከሠላሳ ነው።»

«እንግዲያማ አንድ ስንዝር ተርፎኛል» አለ ኤልቢዮ እግሩን እየዘረጋ።

ለማንኛውም ዕቃህን እናውጣልህ አልነው። «ባለፈው አውጥቼ፣ በዝናብ አንከራትቼ፣ የሁለት አኮርዲዮን ሙጫ አስለቀቅኩ። ደፌን ካላለፈ አልነካቸውም» አለ። ሥራውን ስለሚያውቅ አልተከራከርነውም።

በማግስቱ ሲነጋጋ ውኃው ደፉን አለፈ። ወታደሮች ኤልቢዮን በጀልባ ያወጡት በሌሊት ልብሱ ነው፤ አንድ አኮርዲዮን እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ ታቅፎ። ሌሎቹ ከነሣጥናቸው ተንሳፍፈው፣ ተገልብጠው፣ ውኃ ጠጥተው ቀሩ። ቆዳው አበጠ፤ ሙጫው ለቀቀ። በማግስቱ ደግሞ ድምፅ የሚያወጡት የብረት ምላሶች መዛግ ጀመሩ። አንድም የሱ አልነበረም። ሁሉም የሰው አደራ ነው።

ከተማው ውስጥ ወሬው ወዲያው ተሰራጨ፤ ላ ሪቤራ ከሠላሳ የሚል የተሳሳተ ቁጥር አውጥታ ሰው አስጠለቀች ተባለ። ይህን የሰማች ሉክሬሲያ ካርታው የወጣበትን ጋዜጣ ይዛ፣ ጫማዋ እንደረጠበ ክለባችን ገባች። አዳራሹ ከየቤቱ በወጡ ሰዎች፣ በፍራሽና በድስት ተሞልቶ ነበር። ኤልቢዮ ጥግ ላይ ታጣፊ አልጋ ላይ ተቀምጧል።

«ጋዜጣው አልተሳሳተም!» አለች፤ ሰላምታችንን እንኳ አላስጨረሰችንም። «ይኸው፣ አሥራ ሦስት ከሰማንያ! ራሴ ነኝ የጻፍኩት። ከሠላሳ ያለው ማነው?»

 አንዱ ጣሪያውን፣ አንዱ ጫማውን ያያል። ወደ ዊልማር ግን አንድም ሰው ዓይኑን አላዞረም።

«እኔ ነኝ ልጄ» አለ ዊልማር።

እዚህ ላይ ዝም ብትል ኖሮ። ግን በንዴት ላይ ነበረች፤ ጎንሳሎም ተቆጥቷት ነው የመጣችው። ጋዜጣውን ዘርግታ እጁ ላይ አኖረችለት። «እንዴት አባባ? ይኸው እኮ ነው! እስቲ ያንብቡት።»

ዊልማር ተነሣ። ያን ሁሉ ሰው በፍራሽ መሀል እያቋረጠ ወደ መስኮቱ ሄደ። አቀረበው፣ አራቀው። እጁ ወደ ኮቱ ኪስ ሄደና ተመለሰ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። «ከሠላሳ» አለ በቀስታ።

«ስምንት ነው!» ብላ ጮኸች።

 አንድ ሕፃን ደንግጦ ማልቀስ ጀመረ። ዊልማር የጎልማሳነት ዘመኑን ሁሉ ድምፁን ከተማ ሲሰማለት የኖረ ሰው፣ ያን ጊዜ መጫወቻውን የተነጠቀ ልጅ መሰለ። ጋዜጣውን አራት ቦታ አጥፎ እግሩ ሥር አየ።

«ተዪው» አለ ኤልቢዮ ካለበት። «የሆነው ሆኗል።»

ኒቢያ ግን አልተወችም። ጋዜጣውን ከዊልማር እጅ ተቀብላ ፍራሽ ተሸክሞ ለሚገባ ወታደር ሰጠችው። «አንተ ዓይንህ ደህና ነው አይደል? ይቺን ቁጥር ንገረን።»

ወታደሩ ፍራሹን አስቀመጠና አየ። «አሥራ ሦስት ከሠላሳ… ቆይ፣ ከሰማንያ ነው? አይ፣ ከሠላሳ ነው መሰለኝ።»

ሉክሬሲያ ጋዜጣውን ነጠቀችው። በኋላ ለኒቢያ እንዳጫወተቻት፣ ያቺን ቁጥር በወረቀት ላይ በወጉ ስታያት ያ የመጀመሪያዋ ነበር። እስከዚያ ድረስ በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ የሠራቻትን ነበር በልቧ የምታነበው። የጋዜጣ ወረቀት እንደ ጨርቅ ቀለም ይጠጣል። በዙሪያዋ ያለው ግራጫ ቀለም ወደ ውስጥ ሰርጎ የስምንቷን ሁለት የግራ ኩርባ ደፍኖታል። የቀረው ሦስት ነው። ቀድሞ የወንዙ ከፍታ በነጭ ወረቀት ላይ፣ በጥቁር፣ አውራ ጣት በሚያህል ቁጥር ነበር የሚወጣው፤ ያንን ያስቀረችው «ገጹን ያበላሻል» ብላ ራሷ ናት።

ይህን ሁሉ ያኔውኑ ተረድታዋለች። አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን፣ «ማተሚያ ክፍሉ ነው፤ ቀለም አብዝተውበት ነው» የሚል ነበር። ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ወጥታ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ዊልማር ክለብ መምጣቱን ተወ። ሉክሬሲያም አልመጣችም። ወንዙ እየጎደለ ሲሄድ አንድ ቀን ኒቢያ ራሷ ጋዜጣው ቢሮ ድረስ ሄደች፤ የወጥ ቤት ሽርጧን እንኳ አላወለቀችም።

«የክርስትና አባትሽ የት እንዳለ ታውቂያለሽ?» አለቻት።

«አሞታል እንዴ?»

«ይሻለው ነበር። አኮርዲዮናቸው በተበላሸባቸው ሰዎች በር እየዞረ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ የኤልቢዮ አይደለም እያለ።»

ሉክሬሲያ ቦርሳዋን ሳታነሣ ወጣች። ዊልማርን ያገኘችው ደልሚራ ኢቱራልዴ በር ላይ ነው። ደልሚራ የሟች አባቷን አኮርዲዮን ለኤልቢዮ ሰጥታ የነበረች መበለት ናት። ዊልማር ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዟል። ሉክሬሲያ ከአጥሩ ውጭ ቆመች።

«ዓይኔ ደክሟል፤ ማየት እንደማልችል እያወቅሁ ሳልናገር ቀረሁ» ይላል ዊልማር። «ኤልቢዮን አትቆጪው። የተቆጣሽ እንደሆነ እኔን።»

«ዶን ዊልማር፣ እርጅና ነውር አይደለም» አለች ደልሚራ እንባዋ እየመጣ። «ግን ካልታየዎት ምን ያስነብብዎታል? ምን አግኝተው ነው?»

«ልክ ነሽ» አላት። በሩ ተዘጋ።

ሲዞር ሉክሬሲያን አያት። «እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ጫማሽን ጭቃ አበላሸው» አላት።

«አባባ፣ ለምን? ጥፋቱ የኔ መሆኑን እያወቁ!»

ዊልማር ባርኔጣውን አደረገ። «ሰው ሲከፋው የሚቆጣው ሰው ይፈልጋል። እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ማንም ከምንም አያወርደኝም። አንቺ ገና ሥራ ላይ ነሽ።»

ሉክሬሲያ ኋላ ስትናገር፣ በጥፊ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር ብላለች። ክለብ ውስጥ ያ ሁሉ ሰው እያየ ያዋረደችው ሰው በየደጁ የሷን ስም ሲጠብቅላት ነበር የሰነበተው። አልፋው ሄደችና የደልሚራን በር አንኳኳች። 

«ሉክሬሲያ ቴቼራ እባላለሁ። ከላ ሪቤራ ነኝ። ዶን ዊልማር በትክክል ነው ያነበቡት፤ ዓይኑ ደህና የሆነ ወታደርም ያንኑ ነው ያነበበው። ቁጥሩ እንዳይነበብ አድርጌ የሠራሁት እኔ ነኝ።»

ደልሚራ ከላይ እስከ ታች አየቻት። «ድምፅሽን አውቀዋለሁ» አለች። «ጋዜጣው አልታይ አለኝ ብዬ ስደውል መነጽር ይግዙ ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ገዛሁ እኮ። ልጄ ከሞንቴቪዴዮ ልኮልኝ ገዛሁ። ያው ነው።»

 «እኔው ነኝ» አለች ሉክሬሲያ፤ ቀና ብላም ማየት አልቻለችም። የደልሚራን ድምፅ ስንት ጊዜ አስመስላ ቢሮውን እንዳሳቀች እሷ ታውቃለች፤ ደልሚራ አታውቅም፤ አለማወቋም አልቀለላትም።

የቀሩትን ቤቶች ሁለቱ አብረው ዞሩ። ዊልማር በየበሩ ቀድሞ ሊናገር ይሞክራል፤ እሷ ትቀድመዋለች። ከአንደኛው ቤት ውሻ ለቀቁባቸው። ከሌላው ቤት ደግሞ አንድ ጡረታ የወጣ ሙዚቀኛ እስከ መጨረሻው ሰምቶ፣ «ይህን ለምን ጋዜጣችሁ ላይ አትጽፉትም?» አላት።

ጻፈችው፤ በስሟ፣ አጭር አድርጋ። ጎንሳሎ አንብቦ ወረቀቱን መለሰላት።

«አይወጣም። ቁጥሩ ትክክል ነበር። ማንበብ ያልቻለው አንባቢው ነው።»

ይህችን ነገር ክለብ ውስጥ ስትል የነበረችው እሷው ነበረች። ከሌላ ሰው አፍ ስትሰማት አስጠላቻት። «እንግዲያው ፊደሉን ልቀይር» አለችው። «ሽልማቱስ?» አለ። ነገሩ እዚያው ተንጠልጥሎ ቆየ። ኋላ ጎንሳሎ የተመዝጋቢዎቹ ቁጥር ማሽቆልቆሉን ሲያይ እሺ አለ፤ እሱም ከኪሱ እንጂ ከልቡ አልነበረም።

ሉክሬሲያ በልዩ ልዩ መጠንና ውፍረት ያሳተመቻቸውን የሙከራ ገጾች ይዛ ዊልማር ቤት ሄደች። በእውነተኛው የጋዜጣ ወረቀት፣ በእውነተኛው ማሽን ነው ያሳተመቻቸው። ምግብ ጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ ታስቀምጥለታለች።

«ይሄስ?»

«ጥሩ ነው።»

«ይሄኛውስ?»

«እሱም ደህና ነው።»

«አባባ፣ ይህቺ ከፊተኛዋ በእጥፍ ታንሳለች እኮ። እባክዎ አይዘኑልኝ። እርስዎ እኔን ደስ ላሰኝ ሲሉ ነው ሰው ቤት ውኃ የገባው።»

ጨክና ነው የተናገረችው። ዊልማር ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ መታው። «አይታየኝም!» ብሎ ጮኸ። «ይሄም አይታየኝም! ያኛውም አልታየኝም! ስንት ወር ሙሉ በግምት ነው ያነበብኩት! እነዚያ ሽማግሎች አፌን እያዩ፣ እኔ በግምት! ልጄ ሠራችው ብዬ!»

ከዚያ በጩኸቱ አፈረ። ሉክሬሲያ እጁን ያዘችው። ሁለቱም ለመተያየት ድፍረት አላገኙም። በኋላ ዊልማር፣ «እስቲ ያቺን ወፈር ያለችውን ስጪኝ» አላት። ቀኑ እስኪመሽ አብረው መረጡ። አንዳንዱን እሷ የጠላችውን እሱ ወደደው፤ ሳትከራከር ወሰደችው።

አዲሷ ላ ሪቤራ ስትወጣ ጎንሳሎ በፊት ገጽ፣ «ለውድ አንባቢዎቻችን ያቀረብነው ስጦታ» ብሎ ጻፈባት። ስለ ጎርፉም ስለ ስምንቷም አንድ ቃል የለም። ሰው ግን ከየበሩ ሰምቷል። ሉክሬሲያ ገበያ ስትወጣ የሚያንሾካሹኩ አሉ፤ ሰላም የሚሏትም አሉ። ዊልማር ወደ ክለቡ ተመለሰ፤ ሆኖም ጮክ ብሎ ማንበቡን ተወ። አንብብልን ብንለው፣ «አሁን ለሁላችሁም ይታያችኋል አይደል? ራሳችሁ አንብቡ» ይለናል።

ሉክሬሲያ የሁሉንም ደጅ ስትረግጥ ኤልቢዮ ዘንድ ሳትሄድ ብዙ ቆየች። ከሁሉ ይልቅ የፈራችው እሱን ነበር። በመጨረሻ ሄደች። ኤልቢዮ ግድግዳው ላይ ውኃው የደረሰበት ቡናማ መስመር ሥር ተቀምጦ የደልሚራን አባት አኮርዲዮን ምላሶች አንድ በአንድ ከዝገት ያጸዳል። በልቧ ያዘጋጀችው ብዙ ነበር፤ ግማሹን ረሳችው፤ የቀረውን እየተንተባተበች ነገረችው።

ኤልቢዮ እስክትጨርስ ሰማት። «እሺ» አላት።

ሌላ የሚጨምር መስሏት ቆማ ጠበቀች። እሱ ግን አንዷን ምላስ ወደ ብርሃኑ አንሥቶ አየ፤ ጣለና ሌላዋን አነሣ።

«ስትወጪ በሩን ዝጊልኝ፤ እርጥበት ይገባል» አለ።

ሁለቱን ደረጃ ወጣች፤ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።